ሲንኩ ሲደፈን ከማፍሰስ በፊት መፍታት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። የመታጠቢያ ቤታችን የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ውሃ ቀስ እያለ ማውረድ ከጀመረ ሰነባብቷል። አሁን ግን ጭራሽ ቆመ። ጠዋት ፊታችንን የታጠብንበት ውሃ ማታ ስመለስ እዚያው ተኝቶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ከዚያ ጎረቤቴ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሞክሪ አለችኝ። አረፋው ደስ ሲል! ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ቀጥሎ ከሱቅ የቱቦ መክፈቻ የሚሉትን ነጭ ዱቄት ገዝቼ ጨመርኩ። ውሃው አሁንም አልወረደም፣ ይባስ ብሎ ሽታ አመጣ። ያስጠራሁት ቧንቧ ሠራተኛ አየት አድርጎ “ግድግዳው ተሰብሮ ቱቦው መቀየር አለበት” አለኝ። ከነሴራሚኩ 9,000 ብር ጠየቀኝ። ሹሩባ የሚሠሩ ሁለት ልጃገረዶች አሉኝ፣ እናቴም አብረውን ይኖራሉ። እውነት ግድግዳ መስበር ያስፈልጋል? ወይስ ከዚህ ጠንከር ያለ ኬሚካል ይኖራል?

ወ. ከልደታ

መልስ

እህቴ ወ.፣ ግድግዳውን ለጊዜው ተዪው። ጠንከር ያለውን ኬሚካልም ተዪው። የመታጠቢያ ቤት ሲንክ ቀስ በቀስ ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከሲንኩ አፍ እስከ ሲፎኑ፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር እስካለው ጎበጥ ያለ ቱቦ ድረስ ነው። ክንድ የማትሞላ ርቀት ናት። እዚያ ድረስ በእጅ መድረስ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ያ ዱቄት ያሳስበኛል።

የቱቦ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት ወይም ጠጠር በአብዛኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ጸጉርና ቅባት ይበላል፣ እውነት ነው። ቆዳንና ዓይንንም ይበላል። ውሃ ቆሞ ሳለ ሲጨመርበት ግን እዚያው ሟምቶ ይቀጥናል፣ የተዘጋው ቦታ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አንዳንዴም ከቅባቱ ጋር ተዋህዶ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ አሁን ሲንክሽ ውስጥ የቆመው ነገር ተራ ውሃ እንዳይመስልሽ።

ልጆቹን አስወጪና መስኮቱን ክፈቺ። ወፍራም የጎማ ጓንት አድርጊ፣ ዓይን በደንብ የሚሸፍን መነጽር፣ እጅጌው ረጅም የሆነ አሮጌ ልብስ። ውሃውን በፕላስቲክ ኩባያ ቀስ እያልሽ እየቀዳሽ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጨምሪው። የአሉሚኒየም ዕቃ እንዳትጠቀሚ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የተቀዳውን ሳይረጭ ሽንት ቤት ድፊና ብዙ ውሃ ልቀቂበት። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢ። ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳታቋርጪ ውሃ አፍስሺበት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ይህን ሥራ ውሃ በሌለበት ቀን አትጀምሪው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ጀሪካን አጠገብሽ ይኑር።

በላዩ ላይ ሌላ ነገር ጨምሬ ልሞክር እንዳትዪ። አሲድ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ይፈላል፣ ፊት ላይ ይረጫል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እንዳንቺ ባለ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም። አቼቶም አሲድ መሆኑን አትርሺ።

ሌላ ሠራተኛ የምትጠሪ ከሆነም ምን ምን እንደጨመርሽ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። በቧንቧ ሙያ ስለቆየሁ ይህን በምሬት ነው የምናገረው። ሰው ሱቅ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከደፋ በኋላ “ዝም ብሎ ተዘጋ” ይለናል። ሲፎን የሚፈታ ሰው ግን ፊቱ የት እንደሚሆን አስቢው፣ ከሥሩ ነው።

የፈላ ውሃውን በተመለከተ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሄም ቢሆን ፒቪሲ ለሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይበዛበታል። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ እየተመላለሰበት እንዲኖር አልተሠራም፣ 80 አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። መገጣጠሚያው ይላላና ማንጠባጠብ ይመጣል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ደግሞ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ደስ ያለሽ አረፋ እሱ ነው። አረፋው ሲያልቅ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው። ሽታ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጸጉር አይነቀንቅም። ጎረቤትሽን ግን አትቀየሚያት፣ ከተማው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሻወሩ ሥር ባለው የወለል ማውረጃ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፊ። ቶሎ ከወረደ፣ የሽንት ቤቱም ውሃ ደህና ከሄደ፣ የሕንጻው ቱቦ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የተዘጋው ያንቺ ሲንክ ብቻ ነው። ያ ሰውዬ ግድግዳ ከማለቱ በፊት ይሄን ሞክሯል? ሲፎኑንስ ፈትቶ አይቶታል? ካልፈታ 9,000ውን ያሰላው በዓይኑ ነው። የሙያ ወንድሞቼ አይቀየሙኝና፣ ሴራሚክ መስበር ሲፎን ከመፍታት የተሻለ ገንዘብ አለው።

መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩዪ። ካርቶን የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ታውቂዋለሽ፣ ሱቅ በር ላይ ተጥሎ የሚገኘውን። ግማሽ ሜትር የሚሆን ውሰጂ። በመቀስ ግራና ቀኙን በየጣት ስፋቱ ሰያፍ ቁረጪው። መቀሱ ከዳር ገብቶ ወደ ታችኛው ጫፍ ያዘንብል፣ ያን ጊዜ የጥርሱ ሹል ወደ እጅሽ ያያል። መሃሉን እስክትነኪ ድረስ እንዳትቆርጪ፣ ውስጥ ተበጥሶ ይቀርብሻል። በደንብ ከሠራሽው ልክ እንደ ገብስ ዘለላ ነው። ሲገባ እሺ ይላል፣ ሲሳብ ያገኘውን ይዞ ይወጣል።

የሲንኩ አፍ ተጭነሽ የምትከፍችው ክዳን ካለው፣ ብዙዎቹ ወደ ግራ ሲዞሩ ተፈትተው ይወጣሉ። ማጥለያ ብቻ ከሆነ በክፍተቱ አስገቢ። ቀስ ብለሽ ግፊው። ሲያቆምሽ አንድ ሁለቴ አዙሪና ሳትቸኩዪ ሳቢ። የሚወጣው ነገር አያምርም። ግራጫና ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ሽታው አፍንጫ የሚይዝ፣ ውስጡ የተገመደ ጸጉር ያለው። ልጆችሽ ሹሩባቸውን በሰው ሠራሽ ጸጉር የሚያስረዝሙ ከሆነ እሱንም ታገኚዋለሽ። ዱቄቱ አልሠራም ያልሽበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ኮስቲክ ሶዳ የሰውን ጸጉር ይበላል፣ ፕላስቲኩን ክር ግን እንደዚያ አይበላውም። ፌስታል ከፍተሽ ከጎንሽ አስቀምጪ። ያን ጉድ አንጠልጥለሽ የት ልጣለው ስትዪ ወለሉ አለቀለት።

ምንም እስከማይወጣ ድረስ ደጋግሚው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ካላበቃ ሲፎኑን ፍቺ። ከሥሩ ሳፋ አስቀምጪ። ጓንትና መነጽሩ እንዳለ ይሁን፣ ዱቄቱ ሲፎኑ ውስጥም አለና። የፕላስቲክ ሲፎን በእጅ ነው የሚፈታው። እምቢ ካለ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ አዙሪው፣ ፒንሳ መጨረሻ ላይ ነው። ከታች ኩባያ የመሰለ ነገር ካለው ኩባያው ብቻውን ይፈታል። ስትፈቺ ጎሚኒዎቹ (በየመገጣጠሚያው ያሉት የጎማ ቀለበቶች) የት እንደነበሩና በየትኛው ፊታቸው እንደተቀመጡ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሲመለስ የሚያንጠባጥበው ሁልጊዜ በጎሚኒ ምክንያት ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ውስጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። እባክሽ እዚያው ሲንክ ላይ ቧንቧ ከፍተሽ አትጠቢው! ሥሩ ክፍት ነው፣ ውሃው እግርሽ ላይ ነው የሚወርደው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ስንት እንዳየሁ።

ሲፎንሽ ያ የተጨማደደው ተጣጣፊ ቱቦ ከሆነ ግን አጥበሽ አትድከሚ፣ ቀይሪው። ርካሽ ነው፣ ለመግጠምም ይቀላል። ግን እያንዳንዱ ጭምድድ ጸጉርና ሳሙና መያዣ ነው። እኔ በቤቴ አላስገባውም።

መልሰሽ ስትገጥሚ በእጅ ጥብቅ ይበቃል። በፒንሳ ካጠበቅሽው ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሲንኩን ግማሽ ሞልተሽ በአንዴ ልቀቂው። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አስጠጊ። ጠብታዋን ዓይን ባያያት ሶፍቱ ያያታል።

በጎማ መምጠጫ መግፋት የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲንኩ ከላይ በኩል ውሃ እንዳይሞላ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። እሷን በእርጥብ ጨርቅ ካልደፈናችኋት የምትገፉት አየር በእሷ በኩል ይወጣል፣ የተዘጋው ነገር ንክች አይልም። ኬሚካል ያለበት ውሃ ላይ ግን መምጠጫ አይሞከርም፣ ይረጫል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ውሃው አሁንም ካልወረደ፣ የተዘጋው ወደ ግድግዳ የሚገባው ቱቦ ነው። ያም ቢሆን መዶሻ አያስፈልግም። እጀታው እየተዞረ የሚገባ የቱቦ ሽቦ አለ። መርካቶ የሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ይገኛል፣ ደህና ቧንቧ ሠራተኛም ይዞት ይመጣል። 3 ሜትሩ ለሲንክ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሚገባው በሲንኩ አፍ ሳይሆን ሲፎኑ ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ሲቆም በጉልበት አይገፋም፣ እየተዞረ ነው የሚሄደው። ግድግዳ የሚሰበርበት ጊዜ የለም አልልም። ከሥር ያለው ቤት ጣሪያ ላይ እርጥበት ከታየ ወይም ሽቦው የቱቦ ስብርባሪ ይዞ ከወጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን።

ከተከፈተ በኋላ ሁለት ነገር። እናትሽ ጸጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ሲንኩ ላይ አይታጠቡት። ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፣ የሐምሌ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግን ይረጋል፣ ያለፈውን ጸጉር ሁሉ ይሰበስባል። ሳፋ ላይ ይታጠቡ፣ ቅቤው ሲረጋ ከላዩ ተገፍፎ ፌስታል ውስጥ ይጣል። እግረ መንገዴን የቡና አተላንም አብሬ ልከልክል። ሲኒ የሚታጠብበት መታጠቢያ ቤት ብዙ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የፈረቃችን ጉዳይ ነው። ውሃ ሲጠፋ በጆግ እየቆጠብን እንታጠባለን፣ ቱቦውም በቀጭን ውሃ ይከርማል። ቀጭን ውሃ ጸጉሩንና ሳሙናውን አይወስደውም፣ እዚያው ያስተኛዋል። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቀን፣ የመጀመሪያው ድፍርስ ካለፈ በኋላ፣ ሲንኩን ሞልተሽ በአንዴ ልቀቂው። ያ ክብደት ነው ቱቦውን የሚያጥበው።

ጥያቄ

የኔ ሲንክ አልተዘጋም፣ ውሃ በደንብ ያወርዳል። ግን ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ የፍሳሽ ሽታ ይሸታል። በረኪና ብደፋም ተመልሶ ይመጣል።

ተከራይ፣ ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ

በረኪናህን ቆጥብ። ሲፎን የተጎበጠው ለጌጥ አይደለም። ጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀር ውሃ አለ፣ የፍሳሹን አየር የሚያግደው እሱ ነው። አጎንብሰህ ሥሩን እይ። ተጣጣፊው ቱቦ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ከሆነ ውሃ የሚይዝበት ቦታ የለውም፣ አጉብጠህ እሰረው ወይም ረዘም ያለ ግዛ። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበት ዙሪያ ክፍት ከሆነም በጎሚኒ ይደፈን። እነዚህ ደህና ከሆኑ የወለሉን ማውረጃ ጠርጥር። ሳፋ ላይ የምትታጠብ ሰው ከሆንክ እሱ ውሃ ሳያገኝ ይከርምና ይደርቃል። በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ አፍስስበት።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እኔ ምድር ቤት ነኝ። ከላይ ያሉ ሰዎች ሲታጠቡ የኔ ሲንክ ይንጎራጎራል፣ አንዳንዴም የማላውቀው የሳሙና ውሃ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ሲፎኑን ሁለቴ አስጸዳሁ። ሰሞኑን በዝናቡ ብሷል።

የጋራ ሕንጻ ነዋሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ሦስተኛ እንዳታስጸዳ። ያንተ ሲንክ ጥፋት የለበትም። የተዘጋው የሁላችሁም ፍሳሽ የሚወርድበት ቱቦ ወይም ውጪ ያለው ማንሆል፣ ክዳን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ክፍት አፍ የምድር ቤቱን ነው። እስኪከፈት ድረስ በአንተ በኩል የሚሠራ ሥራ የለም። ኬሚካልም አትጨምር፣ ወዳንተው ነው የሚመለሰው።

ኮሚቴውን ሰብስብ። የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየግል ቤቱ ውጪ ያለውን የሕንጻ ክፍል የጋራ ብሎታል፣ የጋራውን ደግሞ በጋራ ነው የሚያሠሩት። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው “እኔ ጋ ደህና ነው” ይልሃል። ልክ ነው፣ እሱ ጋ ደህና የሆነው አንተ ጋ ስለሚወጣ ነው። ማንሆሉን ስታስከፍቱ የጣሪያው አሸንዳ ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ አብራችሁ አስመርምሩ። በክረምት የሚብሰው በዚያ ሊሆን ይችላል። ማንሆሉ ላይ ኮንቴይነር ሱቅ ተቀምጦበት ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔር ይርዳችሁ፣ ይሄም አጋጥሞኛል።

ጥያቄ

የባለቤቴ ቀለበት ሲንክ ውስጥ ገባ! ከዚያ ወዲህ ሲንኩን ማንም አልነካውም። ሠራተኛ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

ቸኮለ፣ ከፒያሳ

መልስ

አለመንካታችሁ ጥሩ ነው። ቧንቧውን እንዳትከፍቱ፣ ልጆችም እጃቸውን እንዳይታጠቡበት አፉ ላይ ጨርቅ ጣሉበት። ቀለበት ከባድ ነው፣ ብዙ ውሃ ካልገፋው ሲፎኑ ጉብጠት ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛም አያስፈልግህም፣ ከላይ ለልደታዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብበህ ራስህ ፍታው። የወለሉን ማውረጃ ግን አስቀድመህ በጨርቅ ድፈነው። ቀለበቱ ከሳፋው ውጪ ቢያመልጥ ቀጥታ የሚሄደው ወደዚያ ነው።